የዜና ቪዲዮ ለእንግሊዝኛ ቃላትና ሰዋስው ትምህርት



በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ በእንግሊዝኛ ቢደክም የሚጎዳው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም አብሮ ይዘጋበታል። ሕያው እንግሊዝኛን ወደ ክፍል ለማስገባት ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ የዜና ቪዲዮ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያ በራሱ አያስተምርም። እ.ኤ.አ. በ2004 በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር፣ ሥርጭቱ ከማዕከል ይመጣ ስለነበር መምህሩ ሊያቆመውም ሆነ ሊመልሰው አልቻለም። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣም በመስኮቱ የሚታየው አስተማሪ አይጠብቀውም ነበር። ዛሬ በስልክ ሳይቀር የሚታየው አጭር ቪዲዮ የሚበልጠው ማቆሚያው በመምህሩ እጅ በመሆኑ ነው።

የዜናው ምርጫም ጥንቃቄ ይሻል። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተሰኘውን ዝግጅት ሲጀምር፣ በ1,500 ያህል ቃላት፣ በአጫጭር ዐረፍተ ነገርና ረጋ ባለ ንባብ ዜናን ለተማሪ አመጠነ። ለጀማሪ ክፍል ይህን የመሰለ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ ዜና ይበቃል።

መምህሩ በመጀመሪያ ድምፁን ዘግቶ ሥዕሉን ብቻ ያሳያል። የጎርፍ ዜና ከሆነ፣ ተማሪዎቹ ያዩትን ወንዝ፣ ድልድይና የሚሸሽ ሕዝብ ይናገራሉ። ነገሩ አስቀድሞ ስለታወቀ፣ ድምፁ ሲከፈት ቃሉ ማረፊያ ያገኛል። ቃሉም ከባልንጀራው ጋር ይያዛል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ «ኃይለኛ ዝናብ» ለማለት «ስትሮንግ ሬይን» ይላል፤ ዜና አንባቢው ግን «ሄቪ ሬይን» ሲል ይሰማዋል።

ለሰዋስውም ዜና የተመቸ ነው። የእንግሊዝኛ ዜና ብዙ ጊዜ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» በሚል ረዳት ግሥ ይከፈትና፣ ቀኑ ሲጠቀስ ወደ ተራው ኃላፊ ጊዜ ይዞራል። «ፍለድስ ሃቭ ዲስትሮይድ ኤ ብሪጅ» ብሎ ጀምሮ፣ «ዘ ብሪጅ ኮላፕስድ የስተርደይ» ብሎ ይቀጥላል። በአማርኛ «ድልድዩ ትናንት ፈርሷል» ማለት ነውር ስለሌለው፣ ተማሪው «ሃዝ ኮላፕስድ የስተርደይ» ብሎ ይጽፋል። ስሕተቱ ከስንፍና ሳይሆን ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ሥርዓት የመነጨ ነው። መምህሩ በሁለቱ ግሦች ላይ ቪዲዮውን አቁሞ «ቀኑ ተነግሯል ወይስ አልተነገረም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው ደንቡን ራሱ ይደርስበታል።

ቀጥሎ ግሦቹ ተለቅመው የወጡበት የዜናው ጽሑፍ ይታደላል፤ ተማሪዎቹም ዳግመኛ እያዳመጡ ባዶውን ቦታ ይሞላሉ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ስለ ገዛ ሰፈሩ አራት ዐረፍተ ነገር ያለው ዜና ጽፎ ከጓደኞቹ ፊት ያነባል።

መምህሩ ቪዲዮውን አስቀድሞ መመልከት ይኖርበታል፤ ደም የሚታይበት ወይም የተማሪዎችን ኀዘን የሚቀሰቅስ ዜና ለሰዋስው ትምህርት አይሆንም። መብራት በጠፋ ቀንም ትምህርቱ አይቋረጥም፤ መምህሩ ያንኑ ጽሑፍ ራሱ ያነባል፣ በየግሡም ላይ እየቆመ ይጠይቃል። ዋናው ቁም ነገር ቆም ብሎ መጠየቁ ነውና።