ከማመልከት በፊት መጠየቅ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል፣ ናይሮቢ፣ ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ከፍተኛ ትምህርት እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ስለ ትምህርት ጥቅም መናገሩን ተውኩት። እሱን ከወላጆቻችሁ በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። የእኔ ርዕስ ጠበብ ያለ ነው፤ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ከማመልከታችሁ በፊት፣ የምትገቡበት የትምህርት ክፍል በእውነት ምን እንደሚመስል በምን ታውቃላችሁ?

ብዙዎቻችን የምንመርጠው በዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ማኬሬሬ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተ አንጋፋ ተቋም ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲም ራሱን ችሎ ከቆመበት ከ1970 ጀምሮ ብዙ ምሁራንን አፍርቷል። ስማቸው በከንቱ የወጣ አይደለም። ነገር ግን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ውሎው ከአንድ የትምህርት ክፍል፣ እዚያም ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት መምህራን ጋር ነው። ተማሪውን በጊዜው የሚያስመርቅ ክፍልና ለዓመታት የሚያጉላላ ክፍል በአንድ ሕንፃ ውስጥ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ።

ይህንን ዩኒቨርሲቲዎቹም ያውቁታል። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ናይሮቢ የሚገኘው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1993 የጋራ የማስተርስ ፕሮግራም ሲጀምር፣ ከየአገሩ የመጡ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች አማራጭ ኮርሶችን ተሰብስበው በአንድነት እንዲማሩ አድርጓል። አንድ ክፍል ብቻውን ለሁሉም መስክ በቂ መምህር አይኖረውምና።

የእኛም የቆሎ ተማሪ ይህን ዘዴ ያውቅበት ነበር። ዜማ ሲፈልግ ወደ ቤተልሔም፣ አቋቋም ሲፈልግ ወደ ጎንደር፣ ቅኔ ሲፈልግ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄድ ነበር። «የት ደብር ይሻላል?» ከማለቱ በፊት «መምህሩ ማን ነው?» ይል ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የናይሮቢም ሆነ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት ለሕዝብ ያቀርባል። ከምትፈልጉት ክፍል የቅርብ ጊዜ አሥር ጽሑፎችን አውጡ። ለጊዜው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ገጾች ይበቋችኋል። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች ላይ ከተማሪው ስም ጋር የሚጻፈው የምዝገባ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው በገባበት ዓመተ ምሕረት ነው፤ በማኬሬሬ ደግሞ ዓመቱ ከፊት ይመጣል። ከዚያ ቀጥሎ ተማሪውና አማካሪዎቹ የፈረሙበት ቀን አለ። አንዱን ከሌላው ቀንሱ። የምዝገባው ዓመት 2014፣ ፊርማው 2021 ከሆነ፣ ያ ሰው «ሁለት ዓመት» የተባለለትን ማስተርስ በሰባት ዓመት ጨርሷል ማለት ነው።

አንድ ሰው ቢዘገይ ክፍሉን አያስወቅሰውም፤ ሥራ ይዞ ወይም ልጅ ወልዶ ሊሆን ይችላል። ከአሥሩ ሰባቱ ከዘገዩ ግን ምክንያቱን ከተማሪዎቹ ላይ ብቻ አትፈልጉት። ይህንንም አትርሱ፤ ማኅደሩ ውስጥ የምታገኙት የጨረሱትን ብቻ ነው። አቋርጠው የወጡት ጽሑፍ ስለሌላቸው አይታዩም። ስለዚህ እውነተኛው ሁኔታ እዚያ ከምታዩት የከፋ እንጂ የተሻለ አይሆንም።

እግረ መንገዳችሁን የአማካሪዎቹን ስም ጻፉ። አንድ ስም በሁሉም ላይ ከተደጋገመ፣ ያ መምህር ወይ እጅግ ትጉህ ነው፣ ወይም ክፍሉ ሌላ ሰው የለውም። እሱ ጡረታ ቢወጣ ወይም ለምርምር ፈቃድ ቢሄድ ማን ይረከባችኋል? መብዛትም መፍጠንም ያጠራጥራል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የኬንያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአንድ የምረቃ ቀን 118 ሰዎችን በዶክትሬት ሲያስመርቅ፣ የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሯል። ይህን ሁሉ ተማሪ ያማከሩት መምህራን ስንት ናቸው ተብሎ ቢጠየቅ ማንም አይደነቅም።

ቀጥሎ ሰው ጠይቁ። ክፍሉ ራሱ መርጦ የሚያገናኛችሁ ተማሪ አይበቃም፤ ስሙን ከጽሑፉ ላይ ያገኛችሁትን፣ ከተቻለም አቋርጦ የወጣውን ፈልጉ። አጠያየቁ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ ያስተማረንን ሰው ማማት እንደ ነውር ስለምንቆጥር፣ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ብትሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» ብሎ ይሸኛችኋል። ይልቅስ በቀን የሚመለስ ጥያቄ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ መቼ ሰጠህ? ታርሞ መቼ ተመለሰልህ? ፕሮፖዛልህ ከጸደቀ በኋላ ስንት ጊዜ ተገናኛችሁ? ጽሑፉ ለፈታኞች ከተላከ በኋላ ስንት ወር ጠበቅህ? የሳይንስ ተማሪ ከሆነም፣ የላቦራቶሪውን ኬሚካል የገዛው ማን ነው? ማንንም ሳያማ እውነቱን ይነግራችኋል።

ይህ ሁሉ ጥያቄ የበዛ የሚመስለው ካለ ሒሳቡን ያስላ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች፣ በብዙ ቦታ የምንከፍለው እንደ ውጭ አገር ተማሪ ነው። አንድ ዓመት በተጨመረ ቁጥር ክፍያው፣ የቤት ኪራዩና የተማሪ ፈቃድ ማሳደሱ አብሮ ይጨመራል። ይህን የሚሸፍነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእናት ሱቅ ወይም የወንድም ደመወዝ ነው። ከክፍሉ አቅም በላይ የሆነም መዘግየት አለ፤ ማኬሬሬ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2016 እስከ ጃንዋሪ 2017 ተዘግቶ ነበር፣ በኬንያም በ2017፣ በ2018 እና በ2024 የመምህራን የሥራ ማቆም አድማዎች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተማሪዎቹን የትኛው ክፍል እንደረዳ፣ የትኛውስ እንደረሳቸው መጠየቅ ጥሩ መለኪያ ነው።

ስለ እውቅና በአጭሩ ልበል። የዩኒቨርሲቲው ሕጋዊ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ የምትማሩት ፕሮግራም ራሱ እውቅና ያለው መሆኑን በኬንያ ከኮሚሽኑ፣ በኡጋንዳ ከብሔራዊ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት አረጋግጡ። አገር ቤት ገብታችሁ ለመሥራት የምታስቡም የአቻ ግምት ጥያቄ እንደሚጠብቃችሁ ከወዲሁ እወቁ።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በመካከላችን በናይሮቢ፣ በካምፓላ፣ በዳሬሰላም የተማሩ ብዙዎች አሉ። እውቀታቸው ግን በየቤቱ ቀርቷል። በጽሕፈት ቤታችን አንድ መዝገብ ይከፈት። የተማረ ሁሉ የገባበትን ክፍል፣ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ዓመት፣ በጠቅላላ የከፈለውን ገንዘብ ይጻፍበት። ያቋረጠም ያለ ኀፍረት ይጻፍ፤ ለታናናሾቹ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የእሱ መስመር ሊሆን ይችላል። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። እኔም ከማመልከት መጠየቅ ይቅደም እላለሁ።