የጤና መድናችን የአእምሮንም ሕመም ይሸፍናል

በፍራንክፈርትና በአካባቢው የምንኖር የዕድራችን አባላት ባደረግነው ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከኮሚቴው የቀረበ ንግግር



የሌሊት ተራችሁን ለሰው ሰጥታችሁ፣ ከማይንትስና ከዳርምሽታት ድረስ በባቡር መጥታችሁ ስለተገኛችሁ ከሁሉ አስቀድመን እናመሰግናለን። የሒሳቡን ሪፖርት ሰምታችኋል። በዚያ ሪፖርት ውስጥ «ለአንዲት አባል መሣፈሪያ» ተብሎ የተነበበ ወጪ አለ። ማንም አልጠየቀበትም። እኛ ግን የተነሣነው ስለዚያች አንዲት መስመር ለመናገር ነው፤ ምክንያቱም ያ ገንዘብ መውጣት አልነበረበትም።

እኅታችን ነገሩን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም፣ የምታውቋትም አትጥሩ። እዚህ አገር በአረጋውያን መጦሪያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። እናቷ አዲስ አበባ ሲያርፉ የመኖሪያ ፈቃዷ በእድሳት ላይ ስለነበረ ሄዳ ልትቀብር አልቻለችም። መርዶውን ያረዳናት እኛው ነን። ንፍሮውም ተቀቀለ፣ ቡናውም ተፈላ፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ በአራተኛው ቀን እንደ ልማዳችን ሁላችንም ወደየሥራችን ተመለስን። እሷ ግን እንቅልፍ አጣች። ቆይቶም ምግብ ተወች፣ ስልክ ማንሣት ተወች፣ ሌሊት የእናቴን ድምፅ እሰማለሁ ማለት ጀመረች።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ጸለይንላት፣ ጠበል ከአገር ቤት አስመጣንላት። ይህ ደግ ነው፤ ማንም ክፉ አይለውም። ነገር ግን «ሐኪም ዘንድ ልሂድ ወይ?» ብላ በጠየቀችን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ተይ፣ እብድ ብለው ይጽፉብሽና ፈቃድሽን አያድሱልሽም» አላት። ሌላው ደግሞ «ካርዱ እኮ ለሥጋ ሕመም ነው እንጂ ለጭንቀት አይከፍልም» አላት። ሁለቱም በቅንነት ነው የተናገሩት፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። እሷም ቃላችንን ሰምታ፣ ለአለቃዋ የሕመም ወረቀት መስጠቱን አፍራ፣ ሥራዋን በገዛ ፊርማዋ ለቀቀች። ከዚያ ወዲያ ደመወዝ የለም፣ የቤት ኪራይ አለ። በመጨረሻ ገንዘብ አውጥተን ወደ ወንድሟ ሰደድናት።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያውቁትን ጠይቆ፣ ሕጉንም አስነብቦ የተረዳውን መናገር ግዴታው ሆኗል።

ሁላችን ክራንከንካሰ የምንለው የጤና መድን በዚህ አገር ሕግ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1883 በቢስማርክ ዘመን ነው። እውነቱን ለመናገር እሱም ትልቅ ዕድር ነው። ከደመወዛችን በየወሩ ይቆረጣል፣ አሠሪውም በበኩሉ ድርሻውን ይከፍላል፣ የታመመ ይታከምበታል። እኛ ሰውየው በምን ሞተ ብለን ሣጥን እንደማንከለክል ሁሉ፣ መድኑም የታመመው ጉበት ነው ወይስ አእምሮ ብሎ አያዳላም። መዋጮውን የከፈለ የውጭ አገር ሰው ጀርመናዊው የሚያገኘውን ሕክምና ያገኛል። በንግግር የሚሰጠው ሕክምና፣ ሳይኮቴራፒ የሚሉት፣ ከ1967 ጀምሮ በመድኑ ውስጥ ያለ ነው።

ከ1999 ወዲህ ደግሞ ወደ ሳይኮቴራፒስት ለመሄድ የሌላ ሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፤ ካርድን ይዞ መሄድ ነው። መጀመሪያ የምክክር ሰዓት አለ። ቀጠሮ ያጣ ሰው 116117 ይደውል፤ የዚህን የመጀመሪያ ምክክር ቀጠሮ በአራት ሳምንት ውስጥ የመፈለግ ግዴታ አለባቸው። ከዚያ ከሁለት እስከ አራት ጊዜ የመተዋወቂያ ቀጠሮ ይደረጋል፤ ቀጥሎ አጭሩ ሕክምና ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት፣ በጠቅላላው 24 ሰዓት ነው። ካልበቃ ረጅሙ አለ። ለዚህ ከኪስ የሚከፈል የለም። ድምፅ ለሚሰማው፣ ወይም «ሕይወቴን አጠፋለሁ» ለሚል ሰው ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት 112 መደወል ወይም ወደ ሆስፒታል ይዞት መሄድ ነው።

ሆኖም ችግሩን አንደብቃችሁም። ከመጀመሪያው ምክክር በኋላ የሕክምና ቦታ ማግኘት ጣር ነው፤ ወራት ያስጠብቃል። የደወላችሁበትን ቀን፣ የደወላችሁለትን ሐኪምና የሰጣችሁን መልስ በደብተር መዝግቡ። መድኑ ውል ካላቸው ሐኪሞች ዘንድ በጊዜው ቦታ ካልተገኘ፣ ፈቃድ ያለው ነገር ግን ውል የሌለው ሳይኮቴራፒስት ዘንድ ታክሞ ወጪውን እንዲተካ መጠየቅ ይቻላል፤ በማኅበራዊ ሕጉ በአምስተኛው መጽሐፍ አንቀጽ 13 ላይ ተጽፏል። ጥያቄው ሕክምናው ሳይጀመር በጽሑፍ ይግባ። ከተጀመረ በኋላ የሚሰማ የለም። እምቢ ቢሉም ደብዳቤው በደረሰ በአንድ ወር ውስጥ መቃወሚያ ይጻፋል፤ በመጀመሪያው እምቢታ የሚመለስ ሰው ነው መብቱን የሚያጣው።

አሁን ወደ ፍርሃታችን እንምጣ። ሐኪምም ሆነ ሳይኮቴራፒስት ከታማሚው የሰማውን ያለ ፈቃድ ለሌላ ቢያወጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 203 መሠረት እስከ አንድ ዓመት እሥራት ወይም መቀጮ ያገኘዋል። የሕመም ወረቀቱን በተመለከተ፣ ከ2023 ጀምሮ አሠሪው ከመድኑ በኤሌክትሮኒክ ነው የሚያየው፤ የሚያየውም ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ እንጂ የሕመሙ ስም የለበትም። ስድስት ሳምንት ደመወዙን አሠሪው ይከፍላል። ከዚያ በኋላ መድኑ የሕመም ገንዘብ ይሰጣል፤ ይኸውም በመሠረቱ ከጠቅላላው ደመወዝ 70 ከመቶ ሲሆን፣ ለአንድ ሕመም በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ 78 ሳምንት ይደርሳል። ይህ መዋጮ የተከፈለበት ገንዘብ ስለሆነ በመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 2 የመንግሥት ድጎማ ተብሎ አይቆጠርም። እኅታችን ሥራዋን ሳትለቅ ሐኪም አይቷት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መብቷ ነበር። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ደግሞ የሥራ አጥ ገንዘቡም ለ12 ሳምንት ሊታገድበት ይችላል። እባካችሁ፣ አደራ፤ የከፋው ሰው መልቀቂያ አይፈርም። አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ቦታ አለ። የሕይወት ኢንሹራንስ ወይም የግል የጤና መድን ለመግባት የሚያመለክት ሰው ስላለፈው ሕክምናው ይጠየቃል፤ በዚያ መዋሸት በኋላ ውሉን ያፈርሳል። ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር ግን አይገናኝም።

ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁት ልጆቻችን ሁኔታ የተለየ ነው። በ1993 በወጣው ሕግ በመብት የሚታከመው አጣዳፊ ሕመምና ሥቃይ ነው፤ ከዚያ ያለፈው በጥያቄ ነው፤ ይፈቀዳልም ይከለከላልም። ይህ የመጠበቂያ ጊዜ በፌብሩዋሪ 2024 ከ18 ወር ወደ 36 ወር ተራዘመ። በሰሐራና በሊቢያ፣ ከዚያም በባሕር ያለፉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ አንዳንዶቹ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ለእነሱ የስደተኞች የሥነ ልቦና ማእከላት አሉ፤ ወረፋው ረጅም ቢሆንም በአስተርጓሚ ይሠራሉ። አድራሻውን ከጸሐፊያችን ውሰዱ።

ትልቁ ቀዳዳ ቋንቋ ነው። መድኑ ሕክምናውን ይከፍላል፣ ለአስተርጓሚ ግን አይከፍልም። ገበያ ወጥቶ ዳቦ በጀርመንኛ መግዛት ይቻላል፤ የሆድን ብሶት በጀርመንኛ መናገር ግን ሌላ ነው። እስካሁን ስናደርግ የኖርነው ልጆቻችንን ይዞ መሄድ ነው። እስቲ አስቡት፤ የአሥር ዓመት ልጅ እናቱ መኖር እንደመረራት ለሐኪሙ ይተርጉም? ከመካከላችን ሰው እንውሰድ ብንልም፣ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን፤ በማግስቱ ቡና ላይ ይደርሳል።

ስለሆነም ኮሚቴው አንድ ሐሳብ ያቀርባል። ደንባችን ገንዘቡ ለቀብር፣ ለአስከሬን መላኪያና ለለቅሶ ይውላል ይላል። በዚህ ላይ «በሕክምና ላይ ላለ አባል ለአስተርጓሚ፣ በዓመት እስከ አሥር ሰዓት» የሚል እንዲጨመር እንጠይቃለን። አስተርጓሚው ከሌላ ከተማ የሆነ፣ በስልክ የሚሠራ ይሆናል። ማን እንደጠየቀ የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው፤ በሪፖርት ላይ ስም አይወጣም። አንዳንድ አባቶች «ዕድር ለሙት ነው እንጂ ለሕያው አይደለም» ብለውናል። እናከብራቸዋለን፤ ነገር ግን አስከሬን ለመላክ ሳናመነታ የምናወጣውን ገንዘብ ሲያዩ ይህን ያህል እንደማይከብዳቸው ተስፋ አለን።

እኅታችን ባለፈው ወር ደውላልን ነበር። ስሙን ስንሰማ የምንሸማቀቅበት አማኑኤል ሆስፒታል በተመላላሽ እየታከመች ነው፤ እንቅልፌ ተመልሷል አለችን። መድኃኒቱን የሚገዛላት ወንድሟ ነው። አሥራ አንድ ዓመት መዋጮ የከፈለችበት ካርድ ግን እዚህ ቀረ።

የድምፅ መስጫው ወረቀት በበሩ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስም አይጻፍበትም።