ከሌዘር በኋላ ቆዳችን የሚናገረው
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጤና ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ የሳቃችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። ስለ ደም ግፊትና ስለ ጡት ምርመራ ስንነጋገር የኖርን ሴቶች ዛሬ ስለ እግር ፀጉር ማውራታችን ምን ይባላል ያላችሁም አላችሁ። አንፈርድባችሁም። ነገር ግን ርዕሱን ወደዚህ ቤት ያመጣው የአንዲት አባላችን ጉዳት ነው። ይህች እህታችን ዕቁብ ሲወጣላት ገንዘቡን ከፍላ ሁለቱንም እግሮቿን በሌዘር አሠራች። ከሁለት ወር በኋላ ቅልጥሞቿ ላይ ጥቁር ሸንተረር ተሰምሮ መጣች። እሷው ራሷ "የሜዳ አህያ ሆንኩ" ነው ያለችን። እስከዚያ ቀን ድረስ ረጅም ቀሚስ እየለበሰች ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሕክምናዋን ከመረዳጃ ሣጥናችን ረዳናት። ሣጥኑ የሁላችሁም ስለሆነ፣ የደጋፊዎቻችንም ጭምር፣ ነገሩን ማወቅ ይገባችኋል። እርሷም ስሟ እስካልተጠራ ድረስ ታሪኳን እንድንናገር ፈቅዳልናለች።

እርሷን ካዳመጥን በኋላ ሌሎቻችሁንም ጠየቅን። ለካስ ብዙ ነን። ልጇን ለመዳር የምትሰናዳ አለች፤ ምላጭ የሰለቻት አለች፤ አረብ አገር ሳለች የጀመረችውን እዚህ የቀጠለች አለች፤ ለዓመታት በር ዘግታ የአገጯን ፀጉር በወረንጦ ስትነቅል የኖረችም አለች። ዛሬ የምናካፍላችሁ ከእነዚህ እህቶች የሰማነውንና የቆዳ ሐኪሞችን ጠይቀን የተረዳነውን ነው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ለየራሳችሁ ገላ የሚበጀውን የሚነግራችሁ ሐኪም ነው።

ያቺ እህታችን ከሌዘር ቤቱ ስትወጣ አንዲት ወረቀት ተሰጥቷት ነበር። ወረቀቷ "ቆዳዎ ሊቀላ ይችላል፤ መቅላቱ ካልጠፋ ይደውሉ" ትላለች። እህታችን ማታ እግሯን በመብራት አየች፤ ቀላ ያለ ነገር የለም። በማግስቱም የለም። "እንግዲያው ደህና ነኝ" ብላ ተቀመጠች። ቆዳዋ ግን እየነደደ ነበር። ወረቀቷ የተጻፈችው ለነጭ ቆዳ ነው። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ እንደ ቲማቲም አይቀላም፤ ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ወይም አመድማ ይሆናል። አንዳንዴም ለዓይን ምንም ሳያሳይ ይቆያል። ስለዚህ በዓይናችሁ ብቻ ሳይሆን በእጃችሁ ጭምር እዩት። በእጅ ጀርባ ሲነካ ይሞቃል? አብጧል? ከተሠራበት ሰዓት ይልቅ ማታ ላይ ሕመሙ ብሶ ተገኘ? የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ለምን እንደሚቃጠል ለመረዳት አሠራሩን በጥቂቱ ማወቅ ይረዳል። የሌዘር ብርሃን የሚፈልገው ቀለም ነው። በፀጉሩ ውስጥ ያለውን ሜላኒን ያገኝና ያሞቀዋል፤ ሙቀቱም ወደ ሥሩ ወርዶ ፀጉሩን የሚያበቅለውን ክፍል ይጎዳል። ይህን ሐሳብ በ1983 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ተመራማሪዎች አብራርተው ጽፈውታል፤ ተገቢው ብርሃን ለተገቢው ጊዜ ከተተኮሰ ዒላማው ሲቃጠል ጎረቤቱ ይተርፋል የሚል ነው። ችግሩ የእኛ ጎረቤት፣ ማለትም ቆዳችን፣ ራሱ ሜላኒን የሞላበት መሆኑ ነው። ብርሃኑ የፀጉሩን ጥቁረት ከቆዳው ጥቁረት ለይቶ አያውቅም። ለዚህ ነው የማሽኑ ዓይነት የሚወስነው። አሌክሳንድራይት የሚባለው 755 ናኖሜትር ነው፤ ለነጣ ያለ ቆዳ ይስማማል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን የማቃጠል አደጋው ከፍተኛ ነው። ዳዮድ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከ800 እስከ 810 አካባቢ ሲሆን በጥንቃቄና በሠለጠነ እጅ የሚሠራበት አለ። ኤንዲ ያግ የሚባለው ደግሞ 1064 ነው፤ ጠልቆ ይገባል፣ በቆዳው ቀለም ብዙም አይያዝም፤ የቆዳ ሐኪሞች ለጥቁር ቆዳ የሚመርጡትም እርሱን ነው። ከመክፈላችሁ በፊት "ማሽኑ ምንድን ነው? ስንት ናኖሜትር ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የምትሠራው ልጅ መልሱን ካላወቀች ቦርሳችሁን አንሥታችሁ ውጡ። አታፍሩ።

ከዘመድ እጅ ከዱባይ ስለሚመጣው የቤት መሣሪያም ተጠይቀናል። አብዛኛው ሌዘር ሳይሆን አይፒኤል የሚባል የመብራት ብልጭታ ነው። ከመመሪያው ጋር የቆዳ ቀለም ሰንጠረዥ ይመጣል፤ በጣም ጥቁሩ ቀለም ላይ ብዙ ጊዜ "አይጠቀሙ" የሚል ምልክት አለ። መመሪያው ሳይነበብ ካርቶኑ ስለሚጣል ነው እንጂ አምራቹስ ተናግሯል።

አሁን ወደ ቀናቱ እንምጣ። ሲሠራ ላስቲክ ተስቦ ቆዳ ላይ ሲለቀቅ እንደሚሰማው ዓይነት ስሜት አለው። ክፍሉም ትንሽ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ይህ አያስደንግጣችሁ። ወዲያው በየፀጉሩ ዙሪያ እንደ ዶሮ ቆዳ ችፍ ይላል፤ ይህ እንዲያውም ብርሃኑ ሥሩን ማግኘቱን የሚያሳይ ነው። ሙቀቱና ችፍታው ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። "እየቀነሰ" የምትለዋን ቃል ያዙልን። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ጣል ማድረግ፣ ሽታ የሌለው ለስላሳ ቅባት መቀባት፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስ ይበቃል። ብብቷን ያሠራች ለአንድ ሁለት ቀን ዲዮዶራንትና ሽቶ ትተው፤ ብሽሽቷን ያሠራች ጥብቅ ሱሪዋን ታሳርፍ።

ለሁለት ቀን ያህል ሙቀትና ላብም አይፈቀድም። ሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ስቲም፣ ስፖርት ይቆዩ። እዚህ ላይ የወሎና የጎንደር ልጆች ስሙን፤ ወይባ መሞቅም ያው ነው። ሙሽራ ለሠርጓ ሌዘሩንም ወይባውንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ልታደርግ ስታስብ አይተናል። ገና ሙቀት በልቶት የመጣ ቆዳ ላይ የጭስ ሙቀት መጨመር ነው። ሌዘር ያማራት ሙሽራ ከወራት በፊት ትጀምር፤ በሠርጓ ሰሞን ገላዋን ትተወው።

ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ብዙዎቻችሁን ያስደነገጠው ነገር ይመጣል። ፀጉሩ ያደገ ይመስላል። ጥቁር ነጥብ ነጥብ ይላል፣ ብቅ ብቅ ይላል። አንዲት እናታችን "ገንዘቤን በሉኝ" ብላ ልትጣላ እስከ ሌዘር ቤቱ ሄዳ ነበር። አድጎ አይደለም፤ የሞተው ፀጉር ከቆዳው እየተገፋ መውጣቱ ነው። በመታጠቢያ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ስታሹት ይረግፋል። በወረንጦ፣ በክር ወይም በዋክስ አትንቀሉት፤ የሚቀጥለው ሌዘር የሚፈልገው ሥሩን ነውና ሥሩ ከሌለ በባዶ ትከፍላላችሁ። ቆዳው ከረጋ በኋላ በምላጭ መላጨት ግን ይቻላል።

አሁን ደግሞ ወደሚያሳስበን። ውሃ ከቋጠረ፣ ከላጠ፣ ቅርፊት ካበጀ፣ ወይም የማሽኑ ጫፍ ቅርጽ ቆዳችሁ ላይ እንደ ማኅተም ታትሞ ከታየ፣ ይህ ቃጠሎ ነው። እህታችን ላይ የታየው ሸንተረር የማሽኑ ጫፍ ያረፈባቸው መስመሮች ነበሩ። የመጀመሪያው ነገር የቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነው። በረዶ በቀጥታ አይደረግም። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት አይደረግም፤ አያቶቻችንን እያከበርን ነው ይህን የምንለው። የቋጠረው ውሃ አይፈርጥ። ከዚያ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። በከተማችን በአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ፤ ሌሎች ሆስፒታሎችም አሏቸው። ሌዘር ቤቱ "ይለፍልሻል" ቢልም እንኳ ሂዱ፤ ፎቶም አንሡ።

ከቃጠሎው የበለጠ እህታችንን የጎዳት ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። ቃጠሎው ሲድን ጥቁረት ጥሎ ሄደ። ይህ ጥቁረት በእኛ ቆዳ ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ቆይቶ እየፈዘዘ ይሄዳል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። እርሷ ግን ከኮስሞቲክስ ሱቅ የሚያነጣ ክሬም ገዝታ ጠዋትና ማታ ቀባች። እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ብርቱ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኛል። ስቴሮይዱ በመጀመሪያ ያምራል፤ ቆይቶ ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ራሱ የማይለቅ ጥቁረት ያመጣል። ይህን ስሙልን ደግሞ፤ ፊት ላይ አዘውትሮ የሚቀባ ስቴሮይድ ፀጉር ያበቅላል። ለመንጣት የቀባችው ክሬም ያበቀለውን ፀጉር ለማስጠፋት ሌዘር ቤት የምትሄድ ሴት አለች ማለት ነው። ክሬሙን ለወራት የቀባች ካለች ግን ዛሬ ማታ በአንዴ እንዳትጥለው፤ ድንገት ሲቆም ቆዳው በጣም ሊቆጣ ስለሚችል አወራረዱን ሐኪም ይንገራት።

ፀሐይም አለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ጨረሩ ብርቱ ነው፤ በክረምት ደመናም ያልፋል። ከሌዘር በፊትና በኋላ ለሳምንታት የተሠራውን ቦታ መሸፈን ያስፈልጋል። ነጠላና ጃንጥላ አለን፤ ፊቷንና አንገቷን ያሠራች ደግሞ መጠኑ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ትጨምርበት። "ጥቁር ሰው ፀሐይ አይነካውም" የሚለውን ለቃጠሎ ጠባሳ አትንገሩት።

ከመሠራታችሁ በፊት መናገር ያለባችሁ ነገሮችም አሉ። ንቅሳት ያላችሁ፣ በተለይ የአንገትና የአገጭ ንቅሳት ያላችሁ እናቶቻችን፣ ሌዘሩ በላዩ እንዳያልፍ፤ ቀለሙ ብርሃኑን ይስብና ክፉኛ ያቃጥላል። ማርያም የሳመችው ቦታም ይሸፈን። እርጉዝ የሆነች ትቆይ። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ ቆዳን ለብርሃን የሚያሳሳ መድኃኒት የምትወስድ ትናገር። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ቢያንስ 48 ሰዓት፣ ለጥቁር ቆዳ ከዚያም በላይ ይጠበቅ።

ስለ ማደንዘዣ ቅባት ጠንከር አድርገን እንናገር። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ሁለት ወጣት ሴቶችን ጠቅሷል፤ አንዷ 22፣ ሌላዋ 25 ዓመቷ ነበር። ሌዘሩ እንዳያማቸው እግራቸውን በማደንዘዣ ቅባት ቀብተው በፕላስቲክ ጠቀለሉት። መድኃኒቱ ወደ ደማቸው ገብቶ አንቀጠቀጣቸው፣ ራሳቸውን ሳቱ፣ ሞቱ። ቅባቱን በሰፊ ቦታ ቀብቶ መጠቅለል አይገባም፤ ሐኪም ካላዘዘውና መጠኑን ካልነገረ አትቀቡ።

ገንዘቡን በተመለከተ፤ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ፀጉር በየተራ ስለሚያድግ ሌዘሩ የሚያገኘው በዚያን ቀን በማደግ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዙር፣ በመካከሉ ከ4 እስከ 8 ሳምንት እያረፉ ይሠራል። ማስታወቂያው "ለዘላለም ይጠፋል" ቢልም ሐኪሞች የሚሉት "ለረጅም ጊዜ ይቀንሳል" ነው። ሽበት የሆነ ፀጉር ደግሞ ቀለም ስለሌለው ሌዘር አያገኘውም፤ ነጭ የአገጭ ፀጉር ያላችሁ እናቶቻችን ገንዘባችሁን ያዙ።

የአገጭ ፀጉርን ካነሣን አንድ ነገር ይቀረናል። በወጣትነቷ በአገጭ፣ በደረትና በእምብርት ሥር ወፍራም ፀጉር የሚወጣባት፣ የወር አበባዋም የሚዛባባት ሴት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ሴቶች ሐኪም ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የሆርሞን መዛባት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 አንዷን ገደማ የሚያገኝ ነው። መንሥኤው ካልታየ ሌዘሩ አንዱን ሲያጠፋ ሆርሞኑ ሌላውን ያበቅላል፤ እንዲህ ባሉ ሴቶች ፊትና አንገት ላይ አልፎ አልፎ ስሱ ፀጉር ከሌዘሩ በኋላ እየወፈረ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ይህች ሴት ነውር የለባትም፤ ሕክምና ያላት ሴት ናት።

እህታችን አሁን በሕክምና ላይ ናት፤ ሸንተረሩ ባይጠፋም መፍዘዝ ጀምሯል። ከአዳራሹ በር ላይ ያለችው ወረቀት ላይ ሌዘር ቤት ስትሄዱ የምትጠይቋቸውን ጥያቄዎች በትልልቅ ፊደል ጽፈናል፤ ለልጆቻችሁም ውሰዱላቸው። በሰው ፊት መጠየቅ የሚከብዳት ካለች ከቡናው በኋላ በጓዳው በኩል ካለችው ክፍል ሁለታችን እንቆያለን፤ ክሬም የምትቀባም ካለች ዕቃውን ይዛ ትምጣ፣ ጀርባውን አብረን እናነባለን።