መጽሐፉ ራሱ ቢያነብላቸውስ?

(በሲያትል በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አገር ቤት ስማር አጠገቤ የሚቀመጥ ዐይነ ስውር ጓደኛ ነበረኝ። ማታ ማታ አማርኛውንም የኅብረተሰብ ትምህርቱንም ጮክ ብዬ አነብለት ነበር። በፈተና ግን እሱ ይበልጠኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለን እኔ በዲቪ ከቤተሰቤ ጋር ወደዚህ መጣሁ። እሱን የሚያስጠናው አልተገኘም፤ ትምህርቱን አቋረጠ።

እዚህ ሲያትል መሀል የዋሽንግተን የድምፅና የብሬይል መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት አለ። የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል የስቴቱ ነዋሪ መጽሐፍ በድምፅ በነፃ ያውሳል። መጀመሪያ ስገባበት ያ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ።

ዛሬ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አማርኛም ያነባሉ። ከሐይቁ ማዶ ሬድመንድ የሚገኘው ማይክሮሶፍት “መቅደስ” እና “አምሃ” የተባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት። ኢንተርኔት ለሌላቸው ተማሪዎች ደግሞ ድምፁን እዚህ አዘጋጅተን በሚሞሪ ካርድ መላክ እንችላለን።

ስሕተታችንንም ልናገር። ባለፈው ዓመት የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተን ላክን። ስልኩ ዝም አለ! ለፕሮግራሙ ያ ሥዕል እንጂ ፊደል አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በድሮዎቹ ፎንቶች የተተየበ ፋይልም በትክክል አይነበብም። ስለዚህ መጽሐፉ በዩኒኮድ መተየብ አለበት።

ሌላው ችግር መጥበቅና መላላት ነው። “ገና” ስንል “ና” ከጠበቀ በዓሉ ነው፤ ከላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ጽሑፋችን ይህን ስለማያሳይ ፕሮግራሙ ሊሳሳት ይችላል። ሰምቶ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ማን ይሻላል? ልጆቻችን ይተይቡ፣ ወላጆች ሰምተው ያርሙ። ልጆቹም እግረ መንገዳቸውን ፊደል ይለምዳሉ።

ብሬይል ይቅር አላልኩም፤ ዐይነ ስውር ልጅ አጻጻፍ የሚማረው በጣቱ ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ያገለገሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ለመጫን ከምናወጣው ገንዘብ ዘንድሮ ከፊሉ ለዚህ ይዋል። የሚመለከተውን የትምህርት ቢሮ አስፈቅደን በአንድ ክፍል፣ በአንድ መጽሐፍ እንጀምር። ጓደኛዬ ለማጥናት እኔን መጠበቅ ነበረበት። የዛሬዎቹ ግን ማንንም መጠበቅ የለባቸውም።