ሥልጣኑ ላይ፣ ዕዳው ታች!

(በፌዴራል፣ በክልልና በወረዳ መስተዳድሮች የሥልጣን ሚዛን ላይ በአንድ የውይይት መድረክ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ሰፊ ነው። እኔ ደግሞ የሕግ ምሁር አይደለሁም። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ያውም ቋሚ ደመወዝ የሌለው! ስለዚህ አንቀጽ በአንቀጽ እየፈታሁ አላደክማችሁም። ያየሁትንና ያነበብኩትን እናገራለሁ።

በእኛ አገር ስለ ፌዴራሊዝም ክርክር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ሄዶ ሄዶ አንቀጽ 39 ላይ ያርፋል። መገንጠል ይኑር፣ አይኑር። ይሻር፣ አይሻር። ሕገ መንግሥቱ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በዚሁ ስንነታረክ ሠላሳ ዓመት አለፈ። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4ን አንስቶ የሚሟገት ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እሱ ምን ይላል? ሕዝቡ በቀጥታ ተሳታፊ እንዲሆን ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። «በቂ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

እስቲ ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ። ድልድዩ ለምን አልተጠገነም? መምህራኑ ለምን ደመወዝ ዘገየባቸው? የምትሰሟት መልስ አንዲት ናት፦ «ከበላይ አካል መመሪያ አልወረደልንም።» ዞን ብትሄዱ ያቺው መልስ። ክልል ብትሄዱ «ከፌዴራል እየጠበቅን ነው»። ለመሆኑ ሥልጣኑ የት ነው ያለው?

በወረቀት ከሄድን ክልል ላይ ነው። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን ይዘረዝራል፦ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ጉዳዮች፣ ወዘተ። ከዚያ አንቀጽ 52 መጥቶ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱም በጋራ በግልጽ ያልተሰጠው ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው ይላል። የአሜሪካኖቹም ሕገ መንግሥት እንዲሁ ነው። በሕንድና በካናዳ ግን ተራፊው ሥልጣን የማዕከሉ ነው። እንግዲህ በጽሑፍ ደረጃ ከሕንድም ከካናዳም የበለጠ ለክልል ቸር ሆነናል ማለት ነው! ወረዳውን በተመለከተ ግን ቸርነቱ «በቂ» በምትለው ቃል ላይ ያበቃል። ምን ያህል ሲሆን ነው በቂ የሚባለው? ሕገ መንግሥቱ አይነግረንም። ለክልሉ ትቶታል። ክልሉም ሲያሻው ይሰጣል፣ ሲያሻው ይነሳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ገንዘቡን ደግሞ እንይ። አንቀጽ 96 የገቢና የወጪ ዕቃ ቀረጥን ለፌዴራል ይሰጣል። አንቀጽ 97 ለክልል የሰጠው የገበሬውን የእርሻ ገቢ ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የግለሰብ ነጋዴውን ግብርና የመሳሰለውን ነው። የኩባንያ የንግድ ትርፍ ግብርና የትልልቅ ማዕድን ገቢ የጋራ ነው። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛዎቹ ክልሎች የሚተዳደሩት ከአዲስ አበባ በሚላክ ድጎማ ነው።

በ1994 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ጥቅል በጀት ለወረዳ መስጠት ተጀመረ። እውነቱን ለመናገር ይሄ ቀላል እርምጃ አልነበረም። በየገጠሩ ለቆመው ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ድርሻ አለው፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ከወረዳው በጀት አብዛኛውን ደመወዝ ይበላዋል። የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው። የሚተርፈው ለወረቀትና ለሞተር ሳይክል ቤንዚን ነው። ታዲያ ወረዳው ምኑን ነው የሚወስነው? ቤንዚኑን?

ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ብታዩ ግን ደግ ነበር፤ ከታች ወደ ላይ የወጣበት ጊዜም አለ። ጋምቤላን ልጥቀስ። አንቀጽ 52 የፌዴራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትን የሚያስተዳድረው ክልል ነው ይላል። አንቀጽ 50 ደግሞ ፌዴራሉ ከሥልጣኑ ቆርሶ ለክልል በውክልና መስጠት እንደሚችል ይናገራል። ክልል ለፌዴራል መወከል ይችላል የሚል ግን የለም! ሆኖም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ክልሎች ከ5,000 ሄክታር በላይ የሆነ መሬት ለባለሀብት የመስጠቱን ሥራ ለግብርና ሚኒስቴር «ወከሉ»። «ወከሉ» የምትለዋን በጥርጣሬ አንብቡልኝ። ወኪሉ አለቃ፣ ወካዩ ምንዝር የሆነበት ውክልና ነው።

በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ካሩቱሪ ከሚባለው የሕንድ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ። በኢታንግና በጂካዎ ወረዳዎች 100,000 ሄክታር፣ ለ50 ዓመት፣ ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር! አስሉት፤ ለዚያ ሁሉ መሬት በዓመት ሁለት ሚሊዮን ብር። አንድ ኪሎ ሥጋ ስንት እንደሚሸጥ ለምታውቁት ለእናንተ ምን ላብራራ? ኩባንያው ካለማው ያላለማው በልጦ በ2008 ዓ.ም. ውሉ ተሰረዘ። ውሉን የፈረመው አዲስ አበባ፣ የሰረዘው አዲስ አበባ። የኢታንግ ገበሬ በሁለቱም ቀን አልተጠየቀም።

እንዴት ይሄ ሊሆን ቻለ? መልሱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፤ ፓርቲው ውስጥ ነው። አገሪቱ ፌዴራል ነበረች፣ ኢሕአዴግ ግን በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚመራ ድርጅት ነበር። የወረዳው ሊቀ መንበር ለወረዳው ምክር ቤት ሳይሆን ለድርጅቱ ነው የሚንቀጠቀጠው። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ብልጽግና ሲመሠረት አጋር ይባሉ የነበሩትም ገቡበት፣ ግንባሩም አንድ ፓርቲ ሆነ። ገመዱ ይበልጥ አጠረ እንጂ አልተፈታም።

ገመዱ ሲበጠስስ? ያንን ደግሞ በደም አየነው። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በወረርሽኙ ምክንያት የመንግሥታቱን የሥልጣን ዘመን አራዘመ። ትግራይ አልቀበልም ብላ ጳጉሜ 4 ቀን የራሷን ምርጫ አደረገች። ፌዴራሉ ምርጫው ከንቱ ነው አለ፤ መቀሌ ደግሞ የእናንተ ዘመን አልቋል አለች። በመሃላቸው የሚዳኝ ማን ነበር? ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ያው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አባላቱን የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግም ይፈቀድላቸዋል፣ እነሱ ግን ራሳቸው መላኩን ነው የመረጡት። የክልል ምክር ቤቶቹ የማን ናቸው? የገዢው ፓርቲ። እንግዲህ ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ማልያ የለበሰ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ ይኸው ምክር ቤት ፌዴራሉ ከትግራይ ክልል አመራር ጋር ግንኙነቱን አቋርጦ በቀጥታ ከወረዳና ከቀበሌ ጋር እንዲሠራ ወሰነ። ያ ሁሉ ዓመት የተረሳው ወረዳ የታወሰው ከክልል ጋር ጠብ ሲመጣ ነው! ጥቅምት 25 ጦርነቱ ጀመረ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ስንት ቤት እንደተዘጋ እዚህ ለተቀመጣችሁት አልነግርም።

አዲስ አበቤዎችም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። አንቀጽ 49 ከተማዋ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት ይልና፣ ወረድ ብሎ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ነው ይላል። በ1997ቱ ምርጫ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ቅንጅት ምክር ቤቱን አልተረከበም፣ መሪዎቹ እስር ቤት ገቡ፣ በ1998 ዓ.ም. ፌዴራሉ ባለአደራ አስተዳደር ሾመ። መራጩ ለ2000ው ምርጫ ድረስ ባልመረጠው ሰው ተዳደረ። ቅንጅት መግባት ነበረበት፣ አልነበረበትም የሚለው ክርክር ይኑር። የከተማው ሰው ድምፅ ግን ባለአደራ አልጠየቀም።

ከሁሉ የሚገርመኝን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ወጡ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ አምስት ብቻ ሲቀር ጠራርገው ወሰዱት። (አምስቱ እንዴት እንዳመለጡ ቢጠና መልካም ነበር!) በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ። ከዚያም ተራዘመ። 2017 ዓ.ም. ሲያልቅም አልተደረገም ነበር። ስለ ክልል ብዛት ግን እንከራከራለን፤ ከዘጠኝ ተነስተን አሥራ ሁለት ደርሰናል። የሲዳማ ሕዝብ በኅዳር 2012 ዓ.ም. በድምፁ ክልል ማግኘቱ መብቱ ነው። ግን የክልል ከተማው ከሐዋሳ ቢለወጥ፣ ቦንጋ ቢሆን፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበር የሚመርጠው ማን ነው?

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ቀን ይቆረጥለት። ምርጫ ቦርድን፣ ፓርላማውን፣ ተቃዋሚ ፓርቲዎችንም ጭምር በዚህ ጠይቋቸው፤ ተቃዋሚዎቹም ዓይናቸው ያለው አራት ኪሎ ላይ ብቻ ነው። ሌላው፣ የክልል ሕገ መንግሥታት የወረዳን ሥልጣንና የራሱን ገቢ ቆጥረው ይጻፉለት፤ በደብዳቤ የሚሰጥ በደብዳቤ ይነጠቃል። የሕገ መንግሥት ዳኝነቱን ጉዳይ ደግሞ እዚህ ካላችሁት የሕግ ሰዎች መስማት እፈልጋለሁ። ፍርድ ቤት ይሁን ብትሉ የዳኛውን ሹመት ማን ያጸድቃል የሚለው ይመጣል፤ መልስ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።