በስውር ስለሚጠጣ መድኃኒት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንናገረው እናቶችና እኅቶች በየቤታቸው በስውር ስለሚጠጡት የሥርና የቅጠል መድኃኒት ነው።

ዕፀዋትን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒት ከምድር እንደሚገኝ፥ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል፤ በዚያው ምዕራፍ ግን የታመመ ሰው ጸልዮ ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል። እንግዲህ ቅጠሉን የምንነቅፍ አይደለንም።

ነገር ግን ከምድር የበቀለ ሁሉ ለሁሉ ሰው፥ በማናቸውም መጠን አይስማማም። ኮሶ የሆድ ትልን ያወጣል፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ሰውነትን ይጐዳል፥ ፅንስንም እስከ ማስወረድ ይደርሳል። እንዶድ ልብስ ያነጻል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ እንዳስተዋሉት የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ይህንኑ እንዶድ የጠጡ ሴቶች ግን ተመርዘውበታል። ለቡና የምንወደው ጤና አዳም እንኳ በብዛት ሲወሰድ ለነፍሰ ጡር ያሰጋል።

ከዚህም የሚከፋ አለ፤ በስውር የሚጠጣ መድኃኒት ጊዜን ይሰርቃል። በማገለግልበት ደብር የወር አበባቸው ከቀረ ዓመታት ያለፉ አንዲት እናት ነበሩ። ታሪካቸውን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እናገር ዘንድ ልጆቻቸው ፈቅደውልኛል። እኒህ እናት ደም እንደ ገና ቢፈሳቸው አፍረው ለማንም ሳይናገሩ፥ የተሰጣቸውን ሥር እየዘፈዘፉ ሁለት ዓመት ያህል ጠጡ። ደሙ ሲቀንስ ዳንሁ ይላሉ፤ ሲመለስ ይጨምራሉ። በዚያ ዘመን ሁሉ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሱ ነበር። እኔም በየእሑዱ እያየኋቸው፥ «እናቴ፥ ስለ ምን ከደጅ ቀሩ?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ኋላ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ካንሰሩ ከማኅፀን በር ተነሥቶ ተሰራጭቶ ነበር፤ በዓመቱም ዐረፉ። ይህ በሽታ ለብዙ ዓመታት በዝግታ የሚያድግ ነውና ቀድሞ ቢመረመር ይታከማል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. መከላከያው ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል።

ቅዱስ ማርቆስ በ5ኛው ምዕራፍ የጻፈላትን፥ 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውን ሴት እናስብ። በስውር ቀርባ የልብሱን ጫፍ ዳሰሰች፤ ጌታ ግን ተሰውራ እንድትሄድ አልተዋትም። እየፈራች እውነቱን ሁሉ ብትነግረው፥ ልጄ ብሎ ጠርቶ በሰላም አሰናበታት እንጂ አላሳፈራትም።

ስለዚህ እናቶችና እኅቶች ሆይ፤ ያለ ጊዜው ደም ብታዩ ፈጥናችሁ ተመርመሩ። የጠጣችሁትንም ቅጠል ስሙን፥ መጠኑንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፤ እርሱ ከሚሰጣችሁ መድኃኒት ጋር ሊጣላ ይችላልና። ጸሎቱና ጠበሉ ሐኪምን አይከለክሉም። ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ እኛም ከደጅ የቆመችውን እንጠይቅ።

የነፍስና የሥጋ መድኃኒት የሆነ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጤናና ዕድሜ ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።