ከተላከ በኋላ የሚለወጥ ደብዳቤ

ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር



በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሁለት ዓይነት ወረቀት ጎን ለጎን ሲሠራበት ኖሯል። አንደኛው ደብዳቤ ነው፤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ፊርማና ማኅተም ዐርፎበት፣ ቀሪው በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ዋናው ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ላኪው ራሱ አንዲት ፊደል ሊለውጥበት አይችልም። ሁለተኛው በፋይል ታቅፎ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚዞረው ወረቀት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ምሪት ይጽፍበታል፤ የክፍል ኃላፊው አስተያየቱን በዳሩ ያክልበታል፤ ባለሙያው ቁጥሩን ያርምበታል። የመጀመሪያው ያለቀ ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው ገና በመብሰል ላይ ያለ ሐሳብ ነው።

በዛሬው የቢሮ ኢሜይል ውስጥ የገባው አዲስ አሠራር እነዚህን ሁለት ወረቀቶች አንድ ያደረገ ነው። ላኪው በመልእክቱ መካከል አንድ ሰንጠረዥ ወይም የሥራ ዝርዝር ያስቀምጣል፤ ይህ ሰንጠረዥ ግን ግልባጭ ሳይሆን በሌላ ቦታ ወደ ተቀመጠ አንድ ፋይል የሚያሳይ መስኮት ነው። ከተቀባዮቹ አንዱ ቁጥር ቢያርም እርማቱ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በሁሉም ዘንድ ይታያል። ማይክሮሶፍት ለዚህ መሠረት የሆነውን ፍሉይድ የተባለውን አሠራር በ2019 አስታወቀ፤ በ2021 ሉፕ የሚል ስም ሰጥቶ ወደ ምርቶቹ ማስገባት ጀመረ፤ ከዚያም ወደ አውትሉክ ደረሰ። ጉግልም በ2019 በጂሜይል ውስጥ ይዘቱ የሚታደስ፣ ተቀባዩ ከመልእክቱ ሳይወጣ መልስ የሚሰጥበት ኢሜይል አምጥቷል። (እዚህና ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ከአንድ አዋጅ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ በኮምፒዩተሮች መካከል ከሚላክ ኢሜይል ይቀድማል። ዳግላስ ኤንግልባርት በታኅሣሥ 1968 በሳን ፍራንሲስኮ በተሰበሰቡ ባለሙያዎች ፊት ቆሞ፣ በሜንሎ ፓርክ ከነበረ ባልደረባው ጋር በአንድ ጽሑፍ ላይ በአንድ ጊዜ ሲሠራ አሳይቷል። ሬይ ቶምሊንሰን በኮምፒዩተሮች መካከል የመጀመሪያውን ኢሜይል የላከው ከዚያ በኋላ፣ በ1971 ነው። ይሁንና ዓለም የተከተለው የቶምሊንሰንን መንገድ ነበር፤ የተላከው መልእክት ከተቀባዩ ሣጥን ደርሶ ሳይነካ የሚቀመጥበትን መንገድ። በ1992 ደግሞ ማይም የተባለው ደንብ ወጥቶ ፋይልን ከመልእክት ጋር አያይዞ የመላኩ አሠራር ወጥ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየቢሮው «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የታረመ»፣ «የመጨረሻ የታረመ 2» የሚሉ ፋይሎች እንደ አሸን ፈልተዋል። አምስት መሐንዲሶች በአንድ የሥራ ዝርዝር ላይ አስተያየት ሲሰጡ አምስት ፋይል ይመለሳል፤ እነዚያን አስማምቶ ወደ አንድ የሚያመጣው ወጣት ባለሙያ ቢሮ ውስጥ ያመሻል፤ ከስሕተቱም ብዙው የሚፈጠረው በዚያ ማስማማት ላይ ነው። ሕያው ሰንጠረዥ ይህን ድካም ማስቀረቱ የሚካድ አይደለም።

ጉግል ዌቭ የተባለው ሥራ በ2009 ሲገለጽ ደብዳቤን ፈጽሞ ሊተካ የተነሣ ነበር፤ የሚሠራው ሁሉ በአንድ ሕያው ገጽ ላይ እንዲሆን ታሰበ። በቂ ተጠቃሚ ባለማግኘቱ በሚቀጥለው ዓመት ልማቱ እንዲቆም ተወሰነ፤ በ2012ም ተዘጋ። ከርሱ ጋር የተቀበረ አንድ መልካም ነገር ግን ነበር፤ ዘግይቶ የመጣ አንባቢ ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደ ተለወጠ እንደ ፊልም መልሶ ያይ ነበር። ይህ ለጊዜው እዚህ ላይ ይቆይ።

ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ሲጽፍ ነገሩ እንዴት እንደማይደበላለቅ ማወቅ ለመሐንዲስ ይጠቅማል። አንዱ ከዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ሦስት ፊደሎችን ሲሰርዝ፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት በ10ኛው ስፍራ አንድ ፊደል ቢያስገባ፣ የሁለተኛው ትእዛዝ ወደ 7ኛው ስፍራ ካልተዛወረ ፊደሉ ከማይገባው ቦታ ይወድቃል። ይህን የማዛወር ስልት ኤሊስና ጊብስ በ1989 ባወጡት ጽሑፍ አቅርበውታል። ፍሉይድ በበኩሉ በመካከል የተቀመጠ አገልጋይ ኮምፒዩተር አለው፤ ይህ አገልጋይ ልክ እንደ መዝገብ ቤት ሹም ለገባው ለውጥ ሁሉ ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ሁሉም ለውጡን በዚያው ተራ ይቀበላል። እንግዲህ ሰንጠረዡ በሁሉም ዘንድ አንድ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ጥያቄው ትናንት ምን ይል ነበር የሚለው ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። የአንድ ሕንፃ አማካሪ ሰኞ ዕለት ለባልደረቦቹና ለሥራ ተቋራጩ ኢሜይል ይልካል፤ በመካከሉም የወለል ብረት ሰንጠረዥ በሕያው ክፍል አስቀምጧል። ዲያሜትር 12 ሚሊሜትር፣ ርቀት 200 ሚሊሜትር ይላል። 12 ሜትር ስፋት ላለው ወለል ይህ 61 ብረት ማለት ነው፤ ተቋራጩም በዚሁ ልክ ገዝቶ ማሰር ይጀምራል። ሐሙስ ዕለት ስሌቱን የመረመረ ሌላ መሐንዲስ ርቀቱን 150 ሚሊሜትር ያደርገዋል፤ ብረቱም 81 ይሆናል። እርማቱ ትክክል ነው እንበል። ዓርብ ዕለት የሰኞውን ኢሜይል የሚከፍት ሰው በሰኞ ቀን፣ በአማካሪው ስም፣ 150 የሚል ቁጥር ያነባል። ተቋራጩ «200 ተብዬ ነበር» ቢል በደብዳቤው ላይ የሚታየው ይቃወመዋል፤ በወለሉ ውስጥ ስለ ጐደሉት 20 ብረቶችም የሚጠየቀው ምንም ያላጠፋው ሰው ይሆናል።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ካለ የካንሳስ ሲቲውን ሐያት ሪጀንሲ ሆቴል ማስታወስ ይገባል። በሐምሌ 17 ቀን 1981 በሆቴሉ አዳራሽ የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ የአራተኛውና የሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያዎች ከጣሪያ በሚወርዱ ያልተቋረጡ ዘንጎች ሊያዙ ታስቦ ነበር። በኋላ አንዱ ዘንግ በሁለት ተከፈለና የታችኛው መተላለፊያ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ፤ የላይኛው መጋጠሚያም እጥፍ ሸክም ተጫነበት። ብረቱን የሠራው ወገን ለውጡን በስልክ ጠይቆ እንዳስፈቀደ ተናገረ፤ የንድፉ መሐንዲሶች ደግሞ ይህን አልተቀበሉም። የስልኩ ቃል አየር ሆኖ ሲቀር፣ የመሐንዲሱ ማኅተም ያረፈበት የፋብሪካ ሥዕል ግን ነበረ፤ ኃላፊነቱም በዚያ ተለየ። መሐንዲሶቹ የሙያ ፈቃዳቸውን አጡ። ያ ሥዕል ከታተመ በኋላ ራሱን የሚያድስ ቢሆን ኖሮ መርማሪዎቹ ምን ይዘው ይነሡ እንደ ነበር ማሰብ ከባድ ነው።

እርግጥ ነው፣ የአሠራሩ ደጋፊዎች መልስ አላቸው። ሕያው ክፍሉ የለውጦቹን ታሪክ ይይዛል፤ ማን መቼ እንደ ለወጠም ሊገኝ ይችላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ታሪኩ ያለው በደብዳቤው ውስጥ አይደለም፤ የሉፕ ክፍል በኢሜይል ሲላክ ፋይሉ የሚቀመጠው በላኪው የዋንድራይቭ ማከማቻ ነው። ላኪው ሥራውን ለቆ መለያው ሲሰረዝ፣ አስተዳዳሪው ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ ማከማቻው ከ30 ቀን በኋላ ለመጥፋት ይዘጋጃል። ከድርጅቱ ውጭ ያለ ተቀባይም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሰንጠረዡን ሳይሆን ፈቃድ የሚጠይቅ ማገናኛ ብቻ ነው። በግንባታ ሥራ ባለቤቱ፣ አማካሪውና ተቋራጩ ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች እንደ መሆናቸው ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም፤ በድሮው ደብዳቤ ተቀባዩ የራሱን ቅጂ በራሱ መዝገብ ቤት ያኖር ነበር፣ በአዲሱ ግን የተቀባዩ ማስረጃ በላኪው ቤት ተቈልፎ ይቀመጣል። መረብ በተቋረጠበት የሥራ ቦታ ያለው ተቆጣጣሪ ደግሞ የሚያየው ቁጥር የቱ ሰዓት እንደ ሆነ በምን ያውቃል?

በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ዕውቅናው በተገኘበት ጊዜ መልእክቱ ራሱ ቋሚነቱን እንዲያጣ መፍቀድ እንግዳ አካሄድ ነው።

የቀድሞው ምሪት ጸሐፊ በራሱ ቀለም ይጽፍ፣ ከሥሩም ፊርማና ቀን ያኖር ነበር፤ የቀደመውን ቃል ሲሽርም አንድ መስመር ሰርዞበት ሥሩ እንዲነበብ ይተወው ነበር። ሕያው ሰንጠረዥ በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ ገና ባልተወሰነ ጉዳይ ላይ፣ ይህን ምሪት ተክቶ ቢሠራ ጥቅሙ ብዙ ነው። የአምስቱ መሐንዲሶች አስተያየት በዚያ ይሰብሰብ፣ ይታረም፣ ይከራከሩበት። ርቀቱ 150 ሚሊሜትር መሆኑ የተወሰነ ዕለት ግን ሰንጠረዡ እንደ ቆመ ወደ ፒዲኤፍ ተገልብጦ፣ የማሻሻያ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት፣ 200 የሚለው የቀድሞ ቁጥርም ከጎኑ ሰፍሮ፣ በተያያዥነት ለተቋራጩ ይላካል፤ ግልባጭም ለባለቤቱና ለመዝገብ ቤት።